እኔን ክዶ ሽርጤን ያወቀው ማሽን

ሰው ማርጀቱን የሚያውቀው በሽበቱ ነው የሚሉ ተሳስተዋል። በጉልበቱም አይደለም። ሰው ማርጀቱን የሚያውቀው የገዛ ቤቱ ዕቃ «እርስዎ የሉም» ያለው ዕለት ነው። ልጆች ቢረሱን ኑሮ አለባቸው እንላለን። መንግሥት ቢረሳን ሥራ በዝቶበት ነው እንላለን። ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ፣ መብራታችንን እየበላ የሚያድር ዕቃ ሲክደንስ… ምን እንላለን?

እስቲ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ። እኔ አልቸኩልም፤ እናንተም አትቸኩሉ። በሐምሌ ጅቡቲ ላይ የሚቸኩል ሰው አንድም እንግዳ ነው፣ አንድም የጫት መኪና ሾፌር ነው።

የኛን ሙቀት ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ኸምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃ ይነሳል። ነፋስ ስላችሁ የናንተ ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ሰው የዳቦ ምድጃ አፍ ከፍቶ ፊታችሁ ላይ እፍ ሲልባችሁ አስቡት። ቧንቧ ስትከፍቱ ከሚወርደው ውሃ የጎደለው ሻይ ቅጠሉ ብቻ ነው። ልጄ ሰናይት ስለ ዓለም መሞቅ የሰማችውን ስትነግረኝ፣ «ዓለም ገና አሁን ነው እንዴ እኛ ዘንድ የምትደርሰው?» ብያታለሁ።

የምንኖረው ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ነው። አባቴ ከኢትዮጵያ ከባቡሩ ጋር መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ እኔም እዚሁ ቀረሁ። ቤታችን ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ግራና ቀኛችን ሶማሌውም፣ ዓፋሩም፣ የመናዊውም አለ። ጠዋት ጠዋት በየቋንቋችን ሰላምታ እንለዋወጥና በሁሉም ቋንቋ «ሞቀ» ብለን እንለያያለን።

ባለፈው ዓመት በሙቀቱ ወራት ባለቤቴ ጥሩነሽ ከገበያ ስትመለስ ደጃፋችን ላይ ወደቀች። ዘንቢሉ ወዲያ፣ እሷ ወዲህ። ጎረቤታችን ዘይነባ ናት ውሃ ደፍታባት ያነሳቻት። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ ሙቀት ከእንግዲህ ለዚህ ልብ አይሆንም አለ። ወይ የምትውልበት ክፍል ቀዝቃዛ ይሁን፣ ወይ ሙቀቱ እስኪያልፍ ደጋ ትውጣ።

ደጋ ማለት ሐረር ወንድሟ ቤት ነው። «ታዲያ አብረሃት አትሄድም?» ትሉኝ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እሷን ሙቀት እንደሚጥላት እኔን ብርድ ይጥለኛል። ደረቴ ደካማ ነው፤ ሐረር በክረምት አንድ ሌሊት ካደርኩ እስከ ጥቅምት እስላለሁ። እግዜር ሲያጋባን የአየር ጠባያችንን አላመሳከረም። እናም ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ቤታችን ከቀዘቀዘ አብረን እንከርማለን፣ ካልቀዘቀዘ እሷ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ «እንገናኛለን» ተብሎ ሲለያዩ፣ ቃሉ አፍ ላይ ቀለል አይልም።

ለመሆኑ ማቀዝቀዣ አልነበረንም ወይ? ነበረን እንጂ። እኛ ጅቡቲዎች ክሊም እንለዋለን። አሮጌው ክሊማችን ሲነሳ የደንገጎን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ይመስል ነበር። እሱ ሲነሳ አምፖሉ ይፈዛል፣ ፍሪጁ ያቃስታል። ወደ ውስጥ ጥቂት ብርድ ለመተንፈስ ወደ ውጭ የሚተፋው ሙቀት የሚያርፈው በቀጥታ ዘይነባ በር ላይ ነው። ዘይነባ ሳምቡሳ ጠባሽ ናት፤ እሳት አታጣም። አንድ ቀን መጥታ፣ «አዴር» አለችኝ፤ አጎቴ ማለቷ ነው፤ «የናንተ ደጋ እኮ የኔ በረሃ ነው።» ከዚያ ወዲህ ቀትር ላይ ትንሽ እናስነሳውና በይሉኝታ እናጠፋዋለን።

ዘንድሮ ታዲያ ሙቀቱ ሲጀማምር ሰናይት የእናቷን ሻንጣ አውርዳ አቧራውን አራገፈች። ሰናይት ወደብ አካባቢ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ የምትኖረው ካርቲየ 6 ሆኖ ልቧ ግን እኛ ቤት ነው። ጥሩነሽ ሻንጣውን አየችው። እኔም ጥሩነሽን አየኋት። ልጅቱ ሁለታችንንም ተራ በተራ ስታየን ቆየችና፣ ሌላ አንድ መንገድ አለ አለች።

መንገዱ በካርቶን ተጠቅልሎ መጣ። አዲስ ክሊም! ነጭ፣ ቀጭን፣ ድምፅ የሌለው። ሙሳ የሚባል ረጋ ያለ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ባለሙያ ሰቀለልን። ሰናይት እንዳስረዳችኝ፣ ሆዱ ውስጥ የምስር ክክ የምታህል ቺፕ አለች፤ የምታስበው እሷ ናት። ፊቱ ላይ ደግሞ የሰው ገላ ሙቀት ሲንቀሳቀስ የምታይ ዓይን አለችው። ሰው ሲኖር ታቀዘቅዛለች፣ ሰው ሲወጣ ታርፋለች። ሞተሩን እንደ ድሮው በአንዴ አስነስታ በአንዴ አትገድለውም፤ እንደ ጥሩ ነጂ ቀስ አድርጋ ትይዘዋለች። መቼ እንደምንገባ፣ መቼ እንደምንወጣ እያየች በራሷ ትማራለች።

«ትምህርት ቤት ሳትገባ?» አልኳት።

«ሳትገባ፣ አባባ።»

«እንግዲያው የኔ ቢጤ ናት።»

ሰናይት በዚህ ነገር ቀልድ አትወድም። መብራቱ ከኢትዮጵያ ወንዞች በሽቦ ተስቦ ነው የሚመጣው፤ የቀረውን ደግሞ እዚሁ ነዳጅ እያቃጠልን ነው የምናገኘው አለችኝ። እያንዳንዱ ቤት ባዶ ክፍል ማቀዝቀዙን ቢተው፣ ሰማዩም ከጭስ፣ ባሕሩም ከመሙላት፣ ዘይነባም ከመጠበስ ይተርፉ ነበር አለችኝ። ደስ አለኝ። አባቶቻችን ጥለውት የመጡት ውሃ በሽቦ ተከትሎን መምጣቱም አልቀረ፤ እንግዲህ በከንቱ አይፍሰስ።

ውላችን ይሄ ነበር። የፍልሰታ ጾም እስኪፈታ ክሊሙ ይፈተናል። ቤቱ በደንብ ከቀዘቀዘ ጥሩነሽ ትከርማለች። ካልሆነ በማግስቱ አውቶቡስ። ሰናይት ሥራ ቦታዋ ሆና በስልኳ ትከታተላለች። ስልኳ ላይ ትንሽ የሰው ሥዕል አለች፤ ቤት ውስጥ ሰው ካለ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ከሌለ አመድማ።

የመጀመሪያው ከሰዓት በኋላ እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ! ያለ ድምፅ ቀዘቀዘ። ጥሩነሽ ፊቷ በራ። እኔ ግን ደረቴ ስለሚፈራ ጋቢዬን አመጣሁና እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ። እሷም ነጠላዋን ደረበች። ትይዩ ተቀመጥን። ዝም አልን።

መቼም ረጅም ዘመን የኖረ ባልና ሚስት ምን ያወራል? የሚባለው ተብሏል። እሷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ውሃ መፈለጓን አውቃለሁ፤ እኔ ስተነፍስ ጀርባዬ ማሳከኩን ታውቃለች። «ዝም አይነቅዝም» ይል ነበር አባቴ። ቤታችንን በዚህ ተረት ነው ያቆምኩት።

ትንሽ ቆይቶ ክሊሙ «ጲጵ» አለና ተኛ።

ሙቀቱ ውጭ ተቀምጦ ይጠብቅ ኖሯል፤ ወዲያው ገባ። ምን ሆነ ብዬ ስነሳ «ጲጵ» ብሎ ነቃ። ጎሽ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ተከናነብኩ። ቆየት ብሎ «ጲጵ»፣ ተኛ። ተነሳሁ፣ ነቃ። ተቀመጥኩ፣ ተኛ። ቅዳሴ ላይ እንኳ እንደዚያ ቀን ተነስቼ ተቀምጬ አላውቅም። የመብራቱ ኃይል ይቆጠብ ዘንድ የኔ ኃይል አለቀ። ሦስተኛው ቀን ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ፤ ጥሩነሽም «ተወው፣ ይተኛ፤ እሱም ደክሞት ይሆናል» አለች። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ተቀመጠች።

በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰናይት በሩን በርግዳ ገባች። ጫማዋ አንዱ የለም። ከኋላዋ ዘይነባ ሊጥ የነካ እጇን እንዳነሳች። ሰናይት እኛን አየችና ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራትታ ተቀመጠች። ለካ ስልኳ ላይ ያለችው ሰው ከጠዋት ጀምራ አመድማ ሆናለች። ልትደውልልኝ ሞክራለች፤ ስልኬ ጓዳ ትራስ ሥር ነው። እናቷም አባቷም የወደቁ መስሏት ታክሲ ውስጥ እያለቀሰች ነው የመጣችው።

«ማሽኑ ሰው የለም እያለኝ እኮ ነው» አለች፣ ትንፋሿ ሲመለስ።

«እኛ ደግሞ አለን እያልነው ነው።»

«እንዴት ብላችሁ?»

«ቁጭ ብለን።»

ዘይነባ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሁለት እጆቿን እያወናጨፈች ማሽኑንና የሠራውን ፈረንጅ በሙሉ በሶማልኛ ስትረግም፣ ክሊሙ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጲጵ! ብሎ ነቅቶ ደጋ አደረገን። ዘይነባን ወደዳት። ዘይነባ እጇን ሳታወዛውዝ «ደህና ዋላችሁ» ማለት አትችልም። ምነው ሁልጊዜ እዚህ በተቀመጠች ብዬ ተመኘሁ፤ ግን ሳምቡሳውን ማን ይጥበስ?

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ዘዴ ያሰብኩት። በማግስቱ ሽርጤን አጥቤ መስኮቱ ጋ፣ ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ ላይ ሰቀልኩት። የክሊሙ ንፋስ ሲነካው ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ተቀመጥኩ፣ ተከናነብኩ፣ ጠበቅሁ። ክሊሙ አልተኛም። ፀሐይ ያሞቀው ጨርቅ ሲወዛወዝ አይቶ የቤቱን አባወራ ያገኘ መሰለው። ደስም አለኝ፣ ቅርም አለኝ። አስቡት እስቲ፣ ዕድሜ ልኬን የኖርኩበት ቤት ውስጥ እኔን ያላወቀ ማሽን ሽርጤን አወቀ! ጥሩነሽም አየት አደረገችውና፣ «ከአንተ ይልቅ እሱ ተጫዋች ነው» አለች። ለሰናይት ግን አልነገርናትም። ስልኳ አረንጓዴ ሆነላት፣ ደወለችና «ጎሽ አባባ፣ እንዲህ ተንቀሳቀሱ» አለችኝ። ምስጋናውን በሽርጡ ስም ተቀበልኩ።

ፍልሰታ ገባ። ጥሩነሽን ሐኪምም ሆነ ልጅ ከፍልሰታ ቅዳሴ አያስቀራትም፤ በታክሲ እየሄድን፣ ማራገቢያው ሥር እየተቀመጠች ታስቀድሳለች። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደጃፋችን ላይ ሰው ተሰብስቧል። በራችን ተገንጥሏል። ዘይነባ የሙቀጫ ዘነዘና ይዛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰናይት ቢሮዋ ሆና ስልኳን ታያለች። እኛ ቅዳሴ ላይ መሆናችንን ታውቃለች። ቤት ውስጥ ግን ሰው አለ፤ ያውም አንድ ደቂቃ የማያርፍ፣ ወዲያ ወዲህ የሚል፣ ዕቃ የሚፈትሽ ሰው። ሌባ! ለዘይነባ ደወለች፣ ዘይነባ ሰፈሩን ጠራች፣ ሰፈሩ በሩን ገነጠለ። ኋላ እንደነገረችኝ ከሆነ ዘይነባ ዘነዘናውን ከመሰንዘሯ በፊት ሌባውን በሶማልኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ እጅህን ስጥ ብላዋለች። ሌባው በየትኛውም አልመለሰም። እንደ ሐረር በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ ብቻውን እየተወዛወዘ ነበር።

ሰናይት ከቢሮዋ ስትደርስ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር እኮ። ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ሽርጡን ጭኗ ላይ አጣጠፈችው።

«አባባ፣ የኢትዮጵያ ወንዝ ለሽርጥ ነው እንዴ የሚፈሰው?»

እሷ ግን አልጨረሰችም።

«እማዬ ወድቃ ቢሆን ኖሮስ? ስልኬ ደህና ናት ይለኝ ነበር። ሽርጡ እስከተወዛወዘ ድረስ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? ጥሩነሽን እቤት ለማስቀረት ብዬ ጠባቂዋን አሳውሬው ኖሯል። ጭራሽ ማሽኑ ተማሪ ነው ብለናል አይደል? ያን ሁሉ ቀን ሲማር የከረመው የሽርጥን አመል ነው። ቤቱ ውስጥ አንድ እንቅልፍ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ አምኗል። ሰናይት ሙሳን ጠርታ ያን ሁሉ ትምህርት እንዲያስረሳው አደረገች። ሙሳም ሲወጣ ቀስ ብሎ፣ ያ የለበስከው ወፍራም ነገር ሙቀትህን ውጦ ነው የማያይህ አለኝ። ጋቢዬን ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ ያለ ጋቢ ከዚያ ብርድ ፊት ልቀመጥ?

ተወሰነ። ጾሙ በተፈታ ማግስት አውቶቡስ። ትኬቱ ተቆረጠ፣ ሻንጣው ሞላ። ጥሩነሽ ልብሶቿን ራሷ አጣጥፋ ከተተች፤ የደጋ ሹራቧን ከየት እንዳወጣችው እንጃ። እኔም ሻንጣውን ዘጋሁላት።

መሄጃዋ ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን ትይዩ ተቀመጥን። እኔ በጋቢ፣ እሷ በነጠላ። ክሊሙ ጲጵ ብሎ ተኛ። ሙቀቱ ገባ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሷ ሄዳ ያ ወንበር ባዶ ሲሆን ማሽኑ ልዩነቱን አያውቅም።

«አንተ ሰውዬ» አለች ጥሩነሽ። ቀና አልኩ። «አንድ ነገር ሳልጠይቅህ አልሄድም።»

«ጠይቂኝ።»

«ሙሽራ ሳለሁ እናትህ ዶሮ ወጤን ጨው አነሰው ያለች ጊዜ አንተ ለምን ዝም አልክ?»

እናቴ ነፍሷን ይማርና ካረፈች ስንት ዘመኗ! ድስቱ ራሱ የለም። የትኛው ዶሮ ነው ልል አፌን ስከፍት ጥሩነሽ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ድስቱን በአየር ላይ አሳየችኝ፤ በግራ እጇ ማማሰያውን ያዘች። «እዚህ ጋ አንተ ተቀምጠሃል፣ እዚያ ጋ እናትህ። ቀምሰሃል፤ ጨው እንዳላነሰው ታውቃለህ።»

ጲጵ አለ ክሊሙ።

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ…»

«ነቀዘ እንጂ! ይኸው ሲነቅዝ ኖረ።»

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። ከዶሮው ወደ ራዲዮኑ ሄደች፤ ለባቡር ሠራተኛ ጓደኛዬ አውሼው ሳይመለስ ስለቀረው ራዲዮን። እኔም አልተቻልኩም፤ ስለ አጎቷ ልጅ አንስቼ ተነሳሁ። ጋቢዬ ወለል ላይ ወድቋል፣ እኔ አላየሁትም፤ ለካ ሰው ሲከራከር ደረቱን አይበርደውም። በጾም መጣላት ነውር ነው ብላት፣ «ጠብ መች ሆነ? ወሬ ነው» አለችኝና ቀጠለች። እየሳቀች መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ያሉት ለካ ለሴቶች ኖሯል።

አመሻሽ ላይ ሰናይት ከች አለች። የዛሬው ሩጫዋ የተለየ ነበር፤ ሰላም ሳትለን መስኮቱን አየች፣ ከበሩ ጀርባ አየች፣ አልጋ ሥር ጎንበስ አለች። ስልኳ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አረንጓዴ ነበርና አዲሱን ሽርጥ እየፈለገች ነው። አላገኘችም። ያገኘችው እናቷን ነው፤ ፊቷ ወዝቶ ሳይሆን ቀልቶ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስለ አንድ የጠፋ ራዲዮን ስትከራከር። ክፍሉ ሐረር ሆኗል።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። ከዚያም ወዲህ እንደዚያው። ሻንጣውን ሰናይት ራሷ ፈታችው፤ ሹራቡ ወደ መጣበት ተመለሰ። ቆጣሪውን ከድሮው ጋር ስታስተያይ ብዙ ቀንሷል ብላ ተደሰተች፤ ዘይነባም በሯ ላይ ልብስ ቶሎ አልደርቅ አለኝ ብላ አሾፈችብን። ማሽኑ ያለ ሰው አይሠራም፣ ሰው ሲኖር ደግሞ ሰው ሆኖ መገኘትን ይጠይቃል። ሰው ሠራሽ አእምሮ የሚሉት ነገር ምን እንደሚያድን በሌላው አገር እንጃ፤ ካርቲየ 3 ውስጥ ግን መብራት አድኗል። እኔን ማዳኑን ግን እስካሁን አላረጋገጥኩም።

ምክንያቱም ልጄ መቼም ለኛ አሳቢ ናት፤ በዚህ ሳምንት ሙሳን መልሳ አመጣችው። ሙሳ መሰላሉ ላይ ወጥቶ አንድ ነገር ነካክቶ ሲያበቃ የምሥራች አለ። ለካ ለአዛውንት የተዘጋጀ አሠራር ኖሮታል፤ አንዷን ቁልፍ ከተጫናት ከእንግዲህ ዝም ብለን ብንቀመጥ፣ ብንከናነብ፣ ብንተኛም እንኳ ማሽኑ መኖራችንን ያውቃል። ጣቱን ቁልፏ ላይ አድርጎ ወደ እኛ ዞረ። እኔ ፈጣሪዬን ላመሰግን እጄን ዘረጋሁ።

ጥሩነሽ ቀደመችኝ።

«ተወው ወንድሜ፣ አትንካው» አለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ እየተደላደለች፤ «ገና ከትዳራችን የመጀመሪያው ዓመት አልወጣሁም።»